ሕክምናን መማር የሚሻ ወጣት በየትኛው በር ይግባ? የባህል መድኃኒት፣ የተፈጥሮ ሕክምናና የሕክምና ትምህርት ቤት

መግቢያ

ምሥራቅ ጎጃም ከጥንት ጀምሮ የትምህርት አገር ነው። ከየጥኖራ አንሥቶ በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ ባለው ምድር የዲማ ጊዮርጊስ፣ የደብረ ወርቅ፣ የመርጡለ ማርያምና የሞጣ ጊዮርጊስ አድባራት ከየአገሩ የመጡ ደቀ መዛሙርትን ሲያስተናግዱ ኖረዋል። ከንባቡ፣ ከዜማውና ከቅኔው ጎን ለጎንም በጓዳ የሚተላለፍ ሌላ ዕውቀት ነበረ፤ ይኸውም ሥር ምሶ፣ ቅጠል በጥሶ፣ ፍሬ ቀጥቅጦ ሕመምን የማስታገሥ ጥበብ ነው። ይህ ጥበብ ዛሬም አልጠፋም። ለምች ዳማከሴ፣ ለሆድ ቁርጠት ጤና አዳም፣ ለኮሶ ትል ኮሶና እንቆቆ የማያውቅ ቤተሰብ በአካባቢው የለም ለማለት ይቻላል።

በሌላ በኩል በቢቸናና በሞጣ ሆስፒታሎች ተቋቁመዋል፤ በደብረ ማርቆስም የሪፈራል ሆስፒታልና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ያለው ዩኒቨርሲቲ አለ። ስለዚህ አያቱ መድኃኒት አዋቂ፣ አጎቱ ወጌሻ የሆነ፣ ታላቅ እኅቱ ደግሞ በጤና ጣቢያ ነርስ የሆነችለት ወጣት በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት የሕክምና ዓይነቶችን እያየ ያድጋል። ሰውን መፈወስ የሚወድ እንደሆነ የማንን ሙያ ይውረስ? የአያቱን ወይስ የእኅቱን? ይህን ጥያቄ በመጀመሪያ የሚያቀርበውም ብዙውን ጊዜ ለሚቀርበው የጤና ባለሙያ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ባለሙያው ለእንዲህ ያለው ወጣትና ለወላጆቹ በቂ ምላሽ መስጠት እንዲችል የሁለቱን ትምህርቶች ይዘት፣ ልዩነትና መገናኛ ማስረዳት ነው።

የመጀመሪያው በር፦ ከአዋቂ እግር ሥር

የባህል ሕክምና ትምህርት መደበኛ ጉባኤ የለውም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ውስጥ እንኳ ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤትና መጻሕፍት ቤት የታወቀ ሥርዓት ሲኖራቸው የመድኃኒት ዕውቀት ግን ከመምህር ወደሚያምነው ደቀ መዝሙር፣ ወይም ከአባት ወደ ልጅ በምስጢር የሚተላለፍ ነው። መጽሐፈ መድኃኒት እየተባሉ የሚጠሩ የግእዝና የአማርኛ ብራናዎች የዚህ ዕውቀት መዝገቦች ናቸው። በውስጣቸው ለምርመራ የሚገባ የዕፀዋት ቅመማ ከጸሎት፣ ከአስማትና ከከዋክብት ቆጠራ ጋር ተቀላቅሎ ይገኛል። የውጭ አገር ሊቃውንትም በእነዚህ ጽሑፎች ላይ ሠርተዋል፤ ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል የአንድን ደብተራ የመድኃኒት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1930 በፓሪስ አሳትሟል።

የባህል ሐኪሞች ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆኑም መታወቅ አለበት። ሥር ማሽ ቅጠል በጣሹ፣ የተሰበረ የሚጠግነው ወጌሻ፣ የልምድ አዋላጇ፣ ዋግምት የሚያግመው፣ እንጥል የሚቆርጠውና በመንፈስ እናክማለን የሚሉት የተለያየ ሥራ፣ የተለያየም ጥቅምና ጉዳት አላቸው። ሁሉንም በአንድ ስም ጠርቶ ማመስገንም ሆነ መንቀፍ ከስሕተት ያደርሳል።

ይህ ትምህርት የራሱ ጥንካሬ አለው። ተማሪው ተክሉን በበቀለበት ቦታ፣ በአበባውም በፍሬውም ወራት ያውቀዋል። በሽተኛውን ከነቤተሰቡ፣ ከነኑሮው ያየዋል። ሕመምተኛን በትዕግሥት ማድመጥን ከመምህሩ ይማራል። ድክመቱ ግን ከጥንካሬው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ዕውቀቱ ምስጢር ስለሆነ ሌላ ሰው አይመረምረውም፤ የተሳሳተውም ከትክክለኛው ጋር እኩል ይወረሳል። መጠኑ በእፍኝና በስኒ ስለሚለካ የአንዱ ዓመት መድኃኒት ከሌላው ዓመት ጋር በኃይል አይመሳሰልም። አዋቂው ሳያስተምር ሲሞት ደግሞ ጥበቡ አብሮት ይቀበራል።

ሁለተኛው በር፦ የሕክምና ትምህርት ቤት

ዘመናዊ የጤና ባለሙያዎችን በአገር ውስጥ በስፋት ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲቋቋም ነው። ኮሌጁ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አንድ ላይ አሠልጥኖ ወደ ገጠር በማሰማራቱ ይታወቃል። ሐኪሞችን የሚያሠለጥነው የአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ እ.ኤ.አ. በ1964 ተከፈተ። ቀጥሎም በጎንደርና በጅማ፣ ከ2000 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ በባሕር ዳርና በሌሎች በርካታ ከተሞች የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተቋቁመዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 በተጀመረው አዲስ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብርም በሳይንስ ዲግሪ ያላቸው ሰዎች በአራት ዓመት ሕክምናን የሚማሩበት መንገድ ተከፍቶ ነበር።

ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በኋላ የሚገባ ተማሪ የኢንተርን ዓመቱን ጨምሮ እንደ ሥርዓተ ትምህርቱ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ይማራል። ስፔሻሊስት መሆን ከፈለገ ሦስትና ከዚያ በላይ ዓመታት ይጨምራል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሰውነትን ቅርፅና አሠራር፣ የተዋሲያንን ጠባይና የመድኃኒትን ኃይል ያጠናል። በኋለኞቹ ዓመታት በበሽተኛው አልጋ አጠገብ በአስተማሪው ቁጥጥር ሥር ይሠራል። ጠቅላላ ሐኪም ሆኖ ሲወጣ የሚፈተነው፣ የሚመዘገበውና ፈቃድ የሚሰጠው አካል አለ፤ ቢያጠፋም የሚጠየቅበት ሥርዓት አለ።

ይህ በር ጠባብ መሆኑ አይካድም። በ2015 ዓ.ም በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሆኖም የሕክምና ትምህርት ቤት በር የተዘጋበት ወጣት ከሙያው ሁሉ ተዘግቶበታል ማለት አይደለም። ነርስነት፣ አዋላጅነት፣ ፋርማሲ፣ ላቦራቶሪ፣ ጤና መኮንንነትና የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ሁሉም የፈውስ መንገዶች ናቸው። ለወጣቱ ይህን መንገር ከጤና ባለሙያው የሚጠበቅ የመጀመሪያ ውለታ ነው።

በባሕር ማዶ ያለው ሦስተኛ በር

በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ደግሞ በአገር ቤት የማይታወቅ ሌላ ምርጫ ያጋጥማቸዋል። ይህም ናቹሮፓቲ የሚባለው የተፈጥሮ ሕክምና ትምህርት ነው። ሙያው በጀርመን አገር ከነበረው የውኃ ሕክምና ልማድ ተነሥቶ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በቤኔዲክት ሉስት አማካይነት ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1956 በፖርትላንድ፣ በ1978 ደግሞ በሲያትል የተመሠረቱት ኮሌጆች ከታወቁት መካከል ናቸው። ትምህርቱ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ አራት ዓመት ይወስዳል። የእውቅና ሰጪው ምክር ቤት መስፈርት በጠቅላላው ቢያንስ 4,100 ሰዓት፣ ከዚህም ውስጥ 1,200 ሰዓት በክሊኒክ የሚሰጥ ሥልጠናን ይጠይቃል።

በጽሑፍ ሲታይ ከሕክምና ትምህርት ቤት ጋር የተቀራረበ ይመስላል። ልዩነቱ የሚገለጠው ከምረቃ በኋላ ነው። የሕክምና ዶክተሩ ቢያንስ ሦስት ዓመት በሆስፒታል ውስጥ ጽኑ ሕሙማንን እያየ በሬዚደንትነት ይሠለጥናል። ለናቹሮፓቱ ግን ይህ በአብዛኞቹ ግዛቶች ግዴታ አይደለም። በተጨማሪም ፈቃድ የሚሰጡት የአሜሪካ ግዛቶች ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። ሥርዓተ ትምህርቱ ስለ ምግብ፣ ስለ እንቅልፍና ስለ አካል እንቅስቃሴ የሚሰጠው ትኩረት የሚመሰገን ሲሆን፣ ከዚሁ ጋር ሆሚዮፓቲን የመሰለ በጥናት ያልተደገፈ ትምህርትም ያካትታል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ለናቹሮፓቲ ሥልጠና ባወጣው መለኪያ ዝቅተኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት፣ 1,500 ሰዓት አድርጎታል፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 400 ሰዓት በክሊኒክ እንዲሆን ይጠይቃል። ስለዚህ ናቹሮፓት የሚለው ስም በአንድ አገር የአራት ዓመት፣ በሌላው የሁለት ዓመት ሥልጠናን ሊያመለክት ይችላል። በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በዚህ ሙያ ሐኪም የሚያሰኝ ዲግሪ አይሰጥም። ተምሮ ወደ አገር ቤት ለመመለስ የሚያስብ ወጣት ገንዘቡንና ዕድሜውን ከማውጣቱ በፊት ይህን ማወቅ ይገባዋል።

መለያው መስመር የት ላይ ነው?

ብዙ ጊዜ ምርጫው በተፈጥሮና በሰው ሠራሽ መካከል እንደሆነ ተደርጎ ይነገራል። ይህ አነጋገር ሰውን ያሳስታል። ከዕፅ የተገኘ ሁሉ መልካም አይደለም፤ በፋብሪካ የተሠራ ሁሉም ክፉ አይደለም። እውነተኛው መለያ መድኃኒቱ የተገኘበት ቦታ ሳይሆን የተፈተነበት መንገድ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በአካባቢው የወፍ በሽታ የሚባለው ሕመም ነው። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ወደ መድኃኒት አዋቂ ሄዶ የተቀጠቀጠ ቅጠል ይጠጣል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይድናል። አዋቂው ፈወሰኝ ይላል፤ አዋቂውም በሙሉ ልቡ ያምናል። ነገር ግን በሄፓታይተስ ኤ የተያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያለ መድኃኒት ይድናል። በሄፓታይተስ ቢ አዲስ ከተያዙ ጤናማ አዋቂዎችም ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ቫይረሱን በራሳቸው ያስወግዳሉ። ቅጠሉ ባይጠጣም ኖሮ ይድኑ ነበር ማለት ነው። በአንጻሩ ቢጫነቱ የመጣው በሐሞት ጠጠር፣ በቆሽት ካንሰር ወይም በጽኑ ወባ እንደሆነ ቅጠሉን በመጠጣት ያለፉት ሳምንታት ለበሽተኛው የማይመለሱ ይሆናሉ።

የሕክምና ትምህርት ቤት ለተማሪው የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ የመድኃኒት ዝርዝር አይደለም። ይልቁንም መድኃኒቱን ባልወስድ ምን ይሆን ነበር ብሎ የመጠየቅ ልማድ ነው። መድኃኒት የወሰዱትን ካልወሰዱት ጋር ማነጻጸር፣ የዳኑትን ብቻ ሳይሆን የሞቱትንም መቁጠር፣ የራስን ግምት መጠራጠር ከዚህ ልማድ ይመነጫሉ።

ይህ ልማድ ቀላል ለሆነ ተፈጥሯዊ ዘዴም እንደሚሠራ የሚያሳይ ማስረጃ በዚያው በምሥራቅ ጎጃም ተገኝቷል። ቀይ የሸክላ አፈር ባለበት ደጋ በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት፣ በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ፣ በዞኑ ብዙ ሰዎችን ያሠቃያል። እ.ኤ.አ. በ2018 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ መጽሔት የታተመ ጥናት 696 ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱ ክፍል እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግን ወዲያውኑ እንዲጀምር፣ ሌላው ክፍል ግን ከአንድ ዓመት በኋላ እንዲያገኝ አደረገ። በመጀመሪያው ክፍል እግሩ በድንገት የሚቆጣበትና የሚተኩስበት ጊዜ በአንድ ሰው በዓመት 19.4፣ በሁለተኛው ደግሞ 23.9 ሆኖ ተገኘ። ውኃ፣ ሳሙና፣ ቅባትና ጫማ የተፈጥሮ ሕክምና ናቸው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ዘመናዊ ሕክምና ያደረጋቸው ግን መፈተናቸው ነው።

ሁለቱን በአንድ ያስተባበሩ

የእንዶድ ታሪክ ለኢትዮጵያውያን ወጣቶች ሊነገር የሚገባው ነው። እንዶድ ለምሥራቅ ጎጃም እንግዳ አይደለም፤ ደራሲው ክቡር ዶክተር ሐዲስ አለማየሁ የተወለዱበት መንደር እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ይባላል። እናቶች ሸማቸውን የሚያጥቡበት ይህ ፍሬ ለዘመናት የሚታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት መኖራቸውን አስተዋሉ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ስለሆኑ ነገሩን መረመሩት፤ እንዶድም ቀንድ አውጣ ገዳይ መሆኑን አረጋገጡ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ዓይናቸው ያየው የአገር ልማድን ነው፤ ያየውን ወደ ማስረጃ የለወጠላቸው ግን በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ሳይንስ ነው።

ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ ደግሞ በቤይጂንግ ፋርማሲ ከተማረች በኋላ እንደ ገና ከሁለት ዓመት በላይ የቻይናን ባህላዊ ሕክምና እንድትማር ተደረገች። የወባ መድኃኒት ፍለጋ በተሰጣት ጊዜ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ የመድኃኒት መጽሐፍ ቅጠሉ በቀዝቃዛ ውኃ ተዘፍዝፎ እንዲጨመቅ ማዘዙን አነበበች። ሙቀት ኃይሉን ያጠፋው ይሆናል ብላ በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር አወጣችው፤ አርቴሚሲኒን የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሰጣት። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ለፋልሲፓረም ወባ የተጠቀመችበት አርቴሜተር ሉሜፋንትሪን ከዚሁ ግኝት የመጣ ነው። በአገራችን ጭቁኝ የሚባለው ተክል ከዚሁ ዝርያ ቢሆንም አንዱ ለሌላው ምትክ አይሆንም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የአርቴሚሲያን ቅጠል በሻይ መልክ ለወባ ማከሚያነት አይመክርም።

ከሁለቱ ታሪኮች የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። የባህሉን ዕውቀት ለዓለም ያበረከቱት ሳይንስን የተማሩት ናቸው። የአያቱን መድኃኒት የሚወድ ወጣት ያንን መድኃኒት ከመጥፋት ለማዳን ከፈለገ ትምህርት ቤት መግባቱ ከአያቱ መሸሽ አይደለም።

ስሕተት የሚያስከትለው ዋጋ

ምርጫው የአንድ ወጣት የኑሮ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በሽተኛውም ዋጋ ይከፍልበታል። አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው መድኃኒቱ መርዝ በመሆኑ ሳይሆን ጊዜ በማባከኑ ነው። ለዚህ በያበደ ውሻ ከተነከሰ ሰው የበለጠ ምሳሌ የለም። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰዎች እንደሚሞቱ ይገመታል። ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው ገዳይ ነው ማለት ይቻላል። ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብና ክትባቱን በጊዜ መጀመር ግን ሞትን ይከላከላል። ያበደ ውሻ የነከሰው ሁሉ በሽታው እንደማይይዘው ደግሞ መታወስ አለበት፤ ሥር ጠጥተው የተረፉት የሚተርኩት ታሪክ የሚመጣውም ከዚህ ነው።

ወጌሻን በሚመለከትም እንዲሁ ነው። ቀላል ወለምታን አሽቶ ማሰር ላይጎዳ ይችላል። የተሰበረን አጥንት በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር ግን ደም እንዳይዘዋወር አግዶ እጅን ወይም እግርን እስከ ማስቆረጥ ያደርሳል፤ በዚህ መንገድ የሚቆረጡትም አብዛኛውን ጊዜ ልጆች ናቸው። እንጥል ማስቆረጥ ደም መፍሰስን፣ ቴታነስንና ሌሎች በደም የሚተላለፉ በሽታዎችን ሊያመጣ ይችላል። ኮሶ እንኳ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ የመድኃኒት መዛግብት ውስጥ የገባ የተከበረ መድኃኒት ሆኖ ሳለ፣ ከመጠን በላይ ሲወሰድ የዓይን ነርቭን እንደሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ተዘግቧል። ዛሬ መጠኑ የታወቀ ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል አሉ።

ይህ ችግር የድሀ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቤልጂግ በአንድ የማክሻ ክሊኒክ አንድ ቻይናዊ ዕፅ በሌላ ዕፅ በስሕተት በመተካቱ ከ100 በላይ ሰዎች ኩላሊታቸው ተጎድቷል። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ሊድን የሚችል ካንሰር ይዟቸው ሳለ አማራጭ ሕክምናን ብቻ የመረጡ 281 ሰዎችን መደበኛ ሕክምና ከወሰዱት ጋር አነጻጽሮ፣ የመሞት ዕድላቸው በ2.5 እጥፍ ከፍ ብሎ አግኝቶታል። በጡት ካንሰር ላይ ልዩነቱ ከአምስት እጥፍ በላይ ነበር።

ሕጉ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ሕግ ባህላዊ ሕክምናን ፈጽሞ ከልክሎ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1978 የአልማ አታ መግለጫ የባህል ሐኪሞችን በመሠረታዊ ጤና አገልግሎት ውስጥ እንደ አስፈላጊነቱ ማሳተፍን ካነሣ በኋላ፣ በ1979 በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሥር የባህል መድኃኒትን የሚያስተባብር ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የጤና ፖሊሲ የባህል ሕክምና ጠቃሚ ገጽታዎች እንዲጠኑና እንዲዳብሩ፣ የሚመራበትም ደንብ እንዲወጣ አዘዘ። አዋጅ ቁጥር 661/2002 በጤና ቁጥጥር ሥር አካትቶት ነበር። አዋጅ ቁጥር 482/1998 ደግሞ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንዳይወሰድ፣ ጥቅሙም እንዲጋራ ይደነግጋል።

ከዚህ የሚታየው ሕጉ ባህላዊ ሐኪም መሆንን የሚፈቅድ መሆኑ ነው። ሆኖም የአያቱን ጥበብ የወረሰ ሰው በዚያ ብቻ መርፌ መውጋት፣ ቀዶ ማከምና አንቲባዮቲክ ማዘዝ አይፈቀድለትም። በገጠር ከተማ የባህሉን ቅጠል ከፋብሪካው ክኒን ጋር ቀላቅለው የሚሰጡ ሰዎች ከሁለቱም ወገን ውጪ ናቸው።

ለወጣቱ የሚሰጥ ምክር

ወጣቱ ለምክር ሲመጣ መሳለቅ ተገቢ አይሆንም። አያቱን የሚነቅፍበትን ባለሙያ አይሰማም። ከዚያ ይልቅ ጥቂት ጥያቄዎችን ራሱን እንዲጠይቅ መርዳት ይጠቅማል። የምማረው ዕውቀት ስሕተት ቢኖርበት የሚያርመኝ ማን ነው? የማላውቀው በሽታ ሲመጣብኝ ወደ ማን እልከዋለሁ? በእጄ የሞተውን ሰው የሚቆጥር መዝገብ አለ? ሴት ስታምጥ ደም ቢፈሳት፣ ሕፃን ትንፋሽ ቢያጥረው ልደርስለት እችላለሁ? ለእነዚህ ጥያቄዎች በሙሉ መልስ የሚሰጠው በር የሕክምናውና የጤና ሳይንሱ ትምህርት ቤት ነው።

ውሳኔው ትምህርት ቤት መግባት ከሆነ የአያቱ ዕውቀት ወደ ጎን መጣል የለበትም። ተማሪው በዕረፍት ጊዜው ከአያቱ ጋር ወደ ዱር ወርዶ የተክሉን የአካባቢ ስም፣ የሚበቅልበትን ቦታ፣ ጥቅም ላይ የሚውለውን ክፍል፣ አዘገጃጀቱን፣ መጠኑንና የማይሰጥባቸውን ሰዎች መጻፍ ይችላል። ከተክሉ ቅጠልና አበባ ያለበትን ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል አድርቆ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወዳለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ቢወስደው ሳይንሳዊ ስሙ ይታወቅለታል። ይህ ሁሉ በባለዕውቀቱ ፈቃድና በስማቸው ሊሆን ይገባል። በዩኒቨርሲቲ ፋርማኮግኖሲን ወይም ፋርማኮሎጂን ቢመርጥ ደግሞ የአያቱን ጓዳ ወደ ቤተ ሙከራ የሚያሸጋግርበት ሙያ ይኖረዋል።

የትምህርት ዕድል ያላገኘና የአያቱን ሙያ የቀጠለ ወጣትም ጠላት ተደርጎ መታየት የለበትም። ከጤና ባለሙያው የሚጠበቀው ወዳጅነት ነው። ያበጠ፣ የቀዘቀዘ፣ የደነዘዘ ወይም ቀለሙ የተለወጠ ጣት ሲያይ ማሰሪያውን ወዲያውኑ እንዲፈታና እንዲልክ፣ በውሻ የተነከሰን፣ የሚያንቀጠቅጠውን ሕፃን፣ ነፍሰ ጡርንና ዓይኑ ቢጫ የሆነን ሰው ሳያቆይ እንዲያስተላልፍ ማስተማር ይቻላል። ለኢትዮጵያውያን ወጌሻዎች የተሰጠ አጭር ሥልጠና በአስተሳሰር ስሕተት ምክንያት የሚቆረጡ እጅና እግሮችን ቁጥር እንደቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2005 በብሪታንያ የአጥንት ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ ታትሟል።

በክሊኒክም እያንዳንዱ በሽተኛ ምን እንደ ጠጣ፣ ምን እንደ ታሰረለት ያለ ቁጣ መጠየቅ አለበት። የሚቆጣ ባለሙያ እውነቱን አይሰማም፤ እውነቱን ያልሰማ ደግሞ የጉበትና የኩላሊት ጉዳትን ምክንያት ሳያውቀው ይቀራል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ተገለጸው ሰውን ለመፈወስ የሚሻ ወጣት በሕግ የሚጠየቅበትን፣ በሥራው የሚታረምበትንና የሞትን አደጋ ለይቶ የሚያይበትን ትምህርት መምረጡ ለራሱም ለሕዝቡም ይበጃል። ይህ ማለት ግን ከአባቶች የወረሰውን ሁሉ ይጥላል ማለት አይደለም። የቅኔ ተማሪ መምህሩ ያስተማረውን መንገድ ይዞ የራሱን ቅኔ ይቀኛል፤ የጉባኤው ሊቃውንትም ሲሰሙት ስሕተቱን ያርሙለታል። የባህል መድኃኒት የጎደለው ይህ ጉባኤ ነው። በቢቸና፣ በሞጣና በየገጠሩ የሚገኙ የጤና ባለሙያዎች ወጣቶችን ወደ ትምህርት ቤት ሲልኩ፣ የአያቶቻቸውም ዕውቀት በጉባኤ ቀርቦ የሚመረመርበትን ቀን ያቀርባሉ።